ስድስት ሳምንት የነገሠችው ብይ

ገበያ አንዳንዴ በቀላል ዕቃ ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 አታሪ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ማርብል ማድነስ" የተሰኘ የሳንቲም መጫወቻ ማሽን ለሽያጭ አቀረበ። የጨዋታው ዋና ሸቀጥ አንዲት ብይና ቁልቁለት ናቸው። ንድፉን ያወጣው ማርክ ሰርኒ በአታሪ የተቀጠረው በ17 ዓመቱ ነበር።

ተጫዋቹ በማሽኑ ላይ የተገጠመችውን ኳስ በመዳፉ እያሽከረከረ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ብይዋን ከግቧ ማድረስ አለበት። ብይዋ ክብደት ያላት ያህል ቁልቁለት ላይ ትፈጥናለች፤ ጠርዝ ላይ ስትደርስ በቀላሉ አትቆምም። ከወደቀች ሰከንዶች ይባክናሉ፤ ተጫዋቹ ዝግ ካለም ሰዓቱ ይቀድመዋል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ማለት ይኸው ነው። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ማሽኑን ሳይሆን እጁን ወቅሶ ሌላ ሳንቲም ይከታል።

ወደ 4,000 ገደማ ማሽኖች ተሸጡ። አታሪ በሚከታተላቸው የመጫወቻ አዳራሾችም ማሽኑ በገቢ አንደኛ ሆነ። ሆኖም ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ደረጃውን ለቀቀ። ጨዋታው ስድስት መንገዶች ብቻ ስለነበሩት ደንበኞች ተካኑበትና ወደ ሌላ ማሽን ሄዱ፤ የሰርኒም እምነት ይኸው ነው።

ጨዋታው በኋላ ለቤት ኮምፒዩተሮችና ለኒንቴንዶ ተዘጋጅቶ ተሸጧል። በቤት ገዢው የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነውና የጨዋታው ማጠር ሻጩን እምብዛም አይጎዳውም። ማሽን ገዝቶ ገንዘቡን በሳንቲም ለሚለቅመው ባለአዳራሽ ግን ዋናው ጥያቄ ዕቃው ዛሬ ስንት ሰው ያሰልፋል ሳይሆን ስንት ሳምንት ያሰልፋል የሚለው ነው።