ስለ ግብጦ ዘር መለያየትና ስለ አመራመሩ

ግብጦ በጎጃም የታወቀ እህል ስለ ሆነ ምንነቱን ለማስረዳት መድከም አያስፈልግም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር፣ ወደ ሰከላም ሲወጡ፣ ዝናብ አይጎድልም፤ የጎደለው የመሬቱ ኃይል ነው፤ አፈሩም በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ ነው። ግብጦ ግን በደከመ መሬት ላይ፣ በጥቂት እርሻ ይበቅላል። በሥሩ ያሉት ትናንሽ እብጠቶች ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዙ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚዘራው እህል ያምራል።

ከፍሬውም ከመቶው 30 እጅ የሚበልጠው ገንቢ ምግብ፣ ማለት ፕሮቲን ነው። ጉዳቱ ምሬቱ ነው፤ አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለበት። ስለዚህ ባልቴቶቻችን ቆልተው በወራጅ ውሃ ብዙ ቀን ይዘፈዝፉታል። ምሬቱ ሳይለቅ የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ ልቡም በኃይል ይመታል።

ነገር ግን ግብጦ የተባለው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ቀድሞ ያብባል፣ አንዱ ይዘገያል፤ የአንዱ ፍሬ ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ ነው፤ ምሬቱም እኩል አይደለም። ይህ መለያየት እንደ ጉድለት መቆጠሩ ስሕተት ነው። የጀርመን ሊቅ ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ በ1920 ዓ.ም. ገደማ የግብጦን ዘመዶች አንድ በአንድ እየፈተነ፣ እጅግ ብዙ ከሆኑት መራሮች መካከል ጥቂት ጣፋጮችን አገኘ። ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የሚመርጠው ባልነበረ።

ከሹማምንት የምንፈራው ስሕተት ይህ ነው፤ አንዱን መልካም ዘር አይተው ለወረዳው ሁሉ ያከፋፍሉታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የየመንደሩ ዘር ከጎተራ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ከእያንዳንዱ ገበሬ ጥቂት ጥቂት ይሰብሰብ። በአንድ ስልቻ መቀላቀል ግን ፍጹም አይገባም፤ የተቀላቀለ ዘር ከየት እንደ መጣ የሚነግር የለም። በየከረጢቱ ላይ መንደሩ፣ የመሬቱ ዓይነትና የተሰበሰበበት ቀን ይጻፍ። ከዚያም ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ መሬት፣ እያንዳንዱ በራሱ መደብ ይዘራ፤ ያንኑ አዘራር በሌላ ጥግ መድገም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የመሬቱ ልምላሜ የዘሩ መስሎ ያታልላል። ያበበበት ቀን፣ የቆባው ብዛት፣ የ100 ፍሬ ክብደት ይመዝገብ። አንድ ዓመት ብቻ አይበቃም።

ጣፋጭ ዘር ያመጣ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል። ንብ የመራራውን ብናኝ ወደ ጣፋጩ አበባ ታመላልሳለች፤ ጣፋጭነት ደግሞ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይታይም። ስለዚህ ነጩ ጣፋጭ ግብጦ ከመራራው አጠገብ ቢዘራ፣ ከጊዜ በኋላ ዘሩ መራራ ይቀላቀልበታል። ጣፋጭ ነው ተብሎ ሳይዘፈዘፍ የበላው ቤተሰብ ይጎዳል። መደቡን ማራቅ፣ ዘሩንም በየዓመቱ መፈተን ግዴታ ነው።

የሩስያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ዞሮ ዘር በመሰብሰብ ከሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። ለዘር ማኖሪያ የሚሆነው ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ከተሰበሰበው ከፊሉ ወደዚያ፣ ከፊሉም ለፈተና ወደ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ይላክ፤ የቀረው ለሰጠው ገበሬ ይመለስለት።