አንዲት መኪና በጅምላ ዋጋ

በጅቡቲ ከተማ፣ ነባሩ ነዋሪ እስከ ዛሬ የሚኒልክ አደባባይ እያለ በሚጠራው የ27 ጁን አደባባይ ጥግ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ የሚያልፉትን መኪናዎች የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ከአረንጓዴና ነጭ ታክሲዎች ቀጥሎ ዓይን የሚገባው፣ በሩ ላይ የድርጅት ምልክት ያለበት ነጭ ፒክአፕና ነጭ ላንድክሩዘር ነው። ነገሩ አያስገርምም። በዚህች ከተማ የፈረንሳይ ጦር ከጥንት ጀምሮ አለ፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2002፣ ጃፓኖች ከ2011፣ ቻይናዎች ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የጦር ሰፈር አላቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ ኤምባሲዎች፣ የወደብና የትራንስፖርት ኩባንያዎችም በዚሁ ላይ ይጨመራሉ።

እነዚህ ድርጅቶች መኪና የሚገዙት እንደ እኛ አንድ አንድ እያሉ አይደለም። አሥር፣ ሃያ ያዝዛሉ። ስለዚህም መኪና ሻጩ ኩባንያ ለእነርሱ የተለየ የሥራ ክፍልና የተለየ ኃላፊ ይመድባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ሰው ፍሊት ማናጀር ይሉታል። ፍሊት ማለት በመጀመሪያ የመርከቦች ጓድ ማለት ነበር፤ ፈረንሳዮችም ፍሎት ይላሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የጅምላ ሽያጭ ኃላፊ እንለዋለን። በገዢው ድርጅት በኩል ያለውን የስምሪት ኃላፊ፣ ማለትም በጅቡቲ ሼፍ ደ ፓርክ የሚባለውን ሰው፣ ከእርሱ ጋር ማደባለቅ አይገባም። አንዱ ሻጭ ነው፣ ሌላው ገዢ።

አሁን ጥያቄው እንዲህ ነው፤ አንድ ግለሰብ፣ ለምሳሌ በደመወዙ የሚኖር መምህር፣ ከጅምላ ሽያጭ ኃላፊው አንዲት መኪና ብቻ ሊገዛ ይችላልን? ብዙ ጊዜ ይችላል። ለምን እንደሚችል ለመረዳት ግን ሻጩ ከየት እንደሚያተርፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ ለማስረጃ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ኩባንያው አንዲቱን መኪና ታክስ ሳይጨመር በ3,800,000 የጅቡቲ ፍራንክ አስመጣት እንበል። በማሳያ አዳራሹ ውስጥ ታክስ ሳይጨመር 4,400,000 ይጠራባታል፤ ትርፉ 600,000 ነው። የጅምላ ሽያጭ ኃላፊው ደግሞ ያችኑ መኪና በ3,950,000 ይሰጣል፤ ትርፉ 150,000 ብቻ ነው። ይህ ሰው ከስሯልን? አልከሰረም። ለአንድ ድርጅት 12 መኪና በአንድ ፊርማ ሲሸጥ 1,800,000 ፍራንክ ያገኛል። የአዳራሹ ሻጭ ይህንኑ ገንዘብ ለማግኘት ሦስት ደንበኞች ያስፈልጉታል። ሦስቱም አራት አምስት ጊዜ እየተመላለሱ በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ነድተው ይሞክራሉ፣ ባለቤታቸውን አምጥተው ያሳያሉ፣ በመጨረሻም ምናልባት ከሌላ ሱቅ ይገዛሉ። የዚህ ሁሉ ጊዜ ዋጋ፣ የአዳራሹ መብራትና ማቀዝቀዣ ጭምር፣ በመጨረሻ በሚገዛው ሰው ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ አሥራ ሦስተኛዋን መኪና የሚፈልግ መምህር ቢመጣና ጉዳዩ በግማሽ ሰዓት ቢያልቅ፣ ለጅምላ ሽያጭ ኃላፊው ያች 150,000 ያለ ድካም የተገኘች ናት። ከዚህም በላይ አምራቾች በዓመት ውስጥ በተሸጠው መኪና ብዛት ለሻጩ ጉርሻ የሚከፍሉበት አሠራር የተለመደ ስለሆነ፣ አንዲቷም መኪና ብትሆን በቁጥር ትገባለች። ግለሰቡ ቅናሹን የሚያገኘው ብዙ ስለገዛ ሳይሆን ጊዜ ስላላባከነ ነው።

በአሜሪካ ይህ ዘዴ ከታወቀ ቆይቷል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ ሕግ የአምራቹ ዋጋ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮት ላይ እንዲለጠፍ ያስገድዳል። የተለጠፈው ዋጋ ግን የክርክሩ መነሻ እንጂ መድረሻው አልሆነም። ስለዚህ ክርክር የሰለቻቸው ሰዎች አዳራሹን ትተው ለጅምላ ሽያጭ ኃላፊው ስልክ መደወልን ለመዱ። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ አሮጌዎቹን ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ለመተካት የታክሲ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጅተው አዳዲስ መኪናዎችን በአንድነት አዝዘው ነበር። እነርሱ ጅምላ ገዢ የሆኑት በመሰባሰብ ነው፤ የእኛ መምህር ግን ብቻውን ነው የሚሄደው።

አንድ ባልደረባችን እቁብ ደርሷቸው ይህንኑ መንገድ ሞከሩ። መጀመሪያ ወደ አንድ ኩባንያ አዳራሽ ገብተው ዋጋ ጠየቁና ተስፋ ቆርጠው ወጡ። ከዚያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሾፌር የሆነ ዘመዳቸው የጅምላ ሽያጭ ኃላፊውን ቢሮ አሳያቸው። በማግሥቱ የያዙት ፕሮፎርማ እኛን ሁሉ አስደነቀን። በአዳራሹ 4,840,000 የተባለችው መኪና እዚህ 3,950,000 ሆናለች፤ ልዩነቱ 890,000 ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። (እውነተኞቹ ቁጥሮች ሌሎች ናቸው፤ ከላይ ከሰጠነው ምሳሌ ጋር እንዲገጥሙ አድርገናቸዋል።)

ደስታችን ሁለት ቀን ቆየ። የሒሳብ መምህራችን ወረቀቱን ስለ መቶኛ ለማስተማር ይጠቅማል ብለው ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ጻፉት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ከቁጥሩ ጎን ያለው ኦር ታክስ ምን ማለት ነው?» አለች። ኦር ታክስ ማለት ታክስ ያልተጨመረበት ማለት ነው። የአዳራሹ ዋጋ ግን ታክሱ ሁሉ የተጠቃለለበት ነበር። ሦስት መምህራን ያላየነውን ልጅቷ አየችው።

ይህ በጅቡቲ ያለ ዋና ወጥመድ ስለሆነ ቆም ብለን እንመልከተው። የጅምላ ሽያጭ ኃላፊው ከሚያስተናግዳቸው ደንበኞች ብዙዎቹ ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ማለትም ከቀረጥ ነጻ የሆኑ ናቸው። ስለዚህ ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው ዋጋ በልማድ ያለ ታክስ ነው፤ ለማታለል ብሎ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌያችን ታክሱን 10 በመቶ ብቻ ብለን ብንይዝ፣ 3,950,000 ላይ 395,000 ተጨምሮ 4,345,000 ይሆናል። እውነተኛው ልዩነት እንግዲህ 890,000 ሳይሆን 495,000 ፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ፍራንክ ለ1 ዶላር የተወሰነ ስለሆነ ይህ ወደ 2,785 ዶላር ይጠጋል። አሁንም ለመምህር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ባልደረባችን በ890,000 ቅናሽ ተማምነው የቀረውን ለጣራ ማሳደሻ ሊያውሉት አስበው ነበር።

ስለ ምንዛሪ ከተነሣ አይቀር፣ ዋጋው በዶላር ተቆርጦ ሳለ «ምንዛሪው ተለወጠ» ብሎ ጭማሪ የሚጠይቅ ሻጭ ቢያጋጥም ከላይ ያለውን ቁጥር ማስታወስ ነው።

ከታክሱ የሚብሰው ሌላው ወጥመድ ስም ነው። «ከቀረጥ ነጻ በሆነ ድርጅት ስም ይግዙና በኋላ ይዛወርልዎታል» የሚል ምክር ከወዳጅም ከደላላም ይመጣል። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግለሰብ አይዛወርም። እስከዚያ ድረስ ካርት ግሪዙ፣ በእኛ አገር አጠራር ሊብሬው፣ የሌላ ሰው ስም ይዞ ይቆያል፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰው መኪናውን የመሸጥም ሆነ በዋስትና የማስያዝ መብት የለውም። ድርጅት መስሎ መቅረብም አያስፈልግም። «መምህር ነኝ፣ የምፈልገው አንዲት መኪና ነው፣ ታክሱን እከፍላለሁ» ማለት ይበቃል። እምቢ የሚል ካለ ሌላው ጋ መሄድ ነው።

ወደ ቢሮው የሚኬደው ግን ተዘጋጅቶ ነው። የመኪናው ዓይነት፣ የሞተሩ መጠን፣ ካምቢዮው በእጅ የሚለወጥ ወይም አውቶማቲክ መሆኑ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ነድቶ መሞከርም ቀደም ብሎ በሌላ ሰው መኪና ቢሆን ይመረጣል። ገንዘቡ በባንክ መኖሩን፣ ወይም ባንኩ ለማበደር መስማማቱን የሚገልጽ ወረቀት ይያዛል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሁሉም ተጠቃልሎ፣ ሰሌዳው ተለጥፎ፣ ቁልፉ እጄ እስኪገባ የምከፍለው ስንት ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በፕሮፎርማው ላይ ዋጋው የሚጸናበት ቀን፣ ርክክቡ የሚፈጸምበት ጊዜ፣ የዋስትናው ዘመን፣ ትርፍ ጎማና ክሪክ መኖራቸው ይጻፍ። ሰዓቱም ጠዋት ይሁን። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙቀትና ከኢትዮጵያ በሚመጣው ጫት ምክንያት ያርፋል፤ በዚያ ሰዓት ቢሮ የሚያንኳኳ ሰው ቢከፈትለትም በደስታ አይደለም።

ከጅምላ ሽያጭ የሚገኘው መኪና ምርጫው ጠባብ መሆኑንም መናገር ይገባል። ድርጅቶች የሚያዝዙት ነጭ፣ ናፍጣ፣ ጌጥ የሌለው ነው። አንዳንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ትእዛዙን ሲቀንስ የተረፈው በርካሽ ይገኛል፤ ቀይ እፈልጋለሁ የሚል ግን ወደ አዳራሹ ይመለሳል። በበኩላችን ይህን እንደ ጉዳት አንቆጥረውም። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ጨው የያዘ የባሕር ነፋስ ብረት በሚበላበት ከተማ፣ ነጭ ቀለምና ብርቱ ማቀዝቀዣ ከጌጥ ይበልጣሉ።

መኪናዋን ወደ ኢትዮጵያ ይዞ ለመግባት ያሰበ ደግሞ ከዋጋው በፊት ሕጉን ይጠይቅ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በጅቡቲ ርካሽ የተገኘች የናፍጣ መኪና ጋላፊ ወይም ደወሌ ላይ ስትደርስ ርካሽነቷ አይረዳትም።

ባልደረባችን ወደ ጅምላ ሽያጭ ኃላፊው ተመልሰው ሁሉም የተጠቃለለበት አዲስ ፕሮፎርማ አስጻፉ። ኃላፊው ሳቅ ብሎ፣ ብዙ ግለሰቦች ይህን የሚጠይቁት ከፈረሙ በኋላ እንደሆነ ነገራቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ነጭ ፒክአፗን ተረከቡ። የቤታቸው ጣራ ገና አልታደሰም። ጥያቄውን የጠየቀችው ተማሪ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በፒክአፗ ተጭና የባሕሩን ዳር አንድ ዙር ዞራለች፤ የሒሳብ መምህሩም ያንን ፕሮፎርማ በየዓመቱ ለ10ኛ ክፍል ያቀርቡታል፤ ኦር ታክስ የሚለውን ቃል ግን ሆን ብለው በትንሹ ይጽፉታል።