በአንድ በቆሎ ላይ ስለሚተባበሩ ሁለት ሕመሞች

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለሰው ልጅ ኅብረት የተነገረ በጎ ምክር ነው። ነገር ግን ኅብረት የሚያበረታው ወዳጆችን ብቻ አይደለም፤ ጠላቶችም ሲተባበሩ ጕዳታቸው ይከፋል። በእርሻ ይህን ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳየን፥ ሁለት ልዩ ልዩ ቫይረሶች በአንድ አገዳ ውስጥ ተገናኝተው የሚያመጡት የበቆሎ ገዳይ በሽታ ነው። ስለዚህ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ ይልቁንም በመተከል ዞን በግልገል በለስና በዙሪያው ያላችሁ፥ የነገሩን ሥር ታውቁ ዘንድ ይህ ተጽፏል።

ቫይረስ ማለት በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ የማይታይ እጅግ ረቂቅ ነገር ነው። ለብቻው ሆኖ አይበላም፥ አያድግም፥ አይባዛም፤ ወደ ሕያው አካል ሲገባ ግን የዚያን አካል መሣሪያ ወስዶ ራሱን ያበዛል። ስለዚህም ቫይረስ የገባበትን አዝመራ ተረጭቶ የሚያድን መድኀኒት የለም።

ይህ የበቆሎ በሽታ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1976 በአሜሪካ በካንሳስ ታወቀ። በ2011 በኬንያ በቦሜት ታየ፤ ከዚያም በ2012 ወደ ታንዛኒያና ወደ ኡጋንዳ፥ በ2013 ወደ ሩዋንዳ ተሻገረ፤ በ2014 በአገራችን በኢትዮጵያ መኖሩ ተረጋገጠ። በምሥራቅ አፍሪካ በሽታውን የሚያመጡት፥ አንዱ በቆሎን የሚያዝጐረጕር ቫይረስ፥ ሁለተኛው የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ የሚባሉት ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲገባ ቅጠልን ያበላሻል፥ ምርትንም ይቀንሳል፤ ተክሉ ግን ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ግን ማሳው በሙሉ ያለ ፍሬ ሊቀር ይችላል።

አሁን «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ተክል እንደ እንስሳ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ዘበኛ የለውም፤ ይሁን እንጂ ያለ ጥበቃ አልተተወም። የእነዚህ ቫይረሶች የመልእክት ክር፥ ይኸውም አር ኤን ኤ የሚባለው፥ በሚባዛበት ጊዜ ድርብ ይሆናል። ተክሉም ድርቡን ክር ባዕድ መሆኑን ያውቃል፤ እንደ መቀስ ያለ ፕሮቲኑም ደቃቅ አድርጎ ይቈራርጠዋል። ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ከቍራጮቹ አንዱን ምልክት አድርጎ ይዞ፥ ከምልክቱ ጋር የሚገጥም ክር ባገኘ ቍጥር ያጠፋዋል። ይህ፥ ሌባ ጥሎት የሄደውን የልብስ ቅዳጅ ይዞ ባለልብሱን ቤት ለቤት እንደሚፈልግ የጥንት ጭቃ ሹም ነው።

ቫይረሶችም በበኩላቸው ይህን ጥበቃ የሚያሰናክሉበት ዘዴ አላቸው። የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ ወገን የሆኑት ኤች ሲ ፕሮ የሚባል ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ይህም የተክሉን ዘበኛ እንደሚያስር ሊቃውንት በ1998 ገለጡ። ዘበኛው በታሰረበት ቤት ሁለተኛው ሌባ እንደ ልቡ ይገባል። ከዚያ አስቀድሞ በ1987 በተደረገ ምርመራ፥ በቆሎን የሚያዝጐረጕረው ቫይረስ ከሞዛይክ ወገን ጋር ሲገናኝ ለብቻው ከነበረበት መጠን በአማካይ ከ5 እጥፍ በላይ መብዛቱ ተለክቶ ነበር። ሁለት ቫይረሶች በተገናኙ ቍጥር ይተባበራሉ ማለት ግን አይደለም፤ አሜሪካዊው ማኪኒ በ1929 በትምባሆ ላይ እንዳሳየው፥ የቅርብ ዘመዳሞች ሲሆኑ ቀድሞ የገባው ኋለኛውን ይከለክላል።

የበሽታው መንገድ ሦስት ነው። የሞዛይኩን ቫይረስ ክሽክሽ፥ ሌላውን ትሪፕስና ጥንዚዛ ከተክል ወደ ተክል ያጓጕዙታል። ሁለተኛው መንገድ በቆሎን በበቆሎ ላይ ያለ ዕረፍት መዝራት ነው። ሦስተኛው ዘር ነው። በ1991 በወጣ ጥናት፥ ከታመመ በቆሎ ከተወሰዱ 42,000 ዘሮች ቫይረሱ የተገኘባቸው ቡቃያዎች 17 ብቻ ነበሩ። ቍጥሩ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በ75 በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚዘራ አንድ ሄክታር 44,000 ያህል ተክል ስለሚይዝ፥ እንዲህ ያለ ዘር የተዘራበት እያንዳንዱ ሄክታር ዐሥራ ሰባት ያህል የእሳት ፍም ተጣለበት ማለት ነው። ተባይ ደግሞ ፍሙን የሚያራግብ ነፋስ ነው።

የግልገል በለስ ሹም ስለዚህ ሊያስብ የሚገባው፥ በአገሩ በቆሎ፥ ማሽላና ዳጉሳ የሕዝቡ እንጀራና ገንፎ ስለሆኑ፥ በበለስ ሸለቆም ሸንኮራ አገዳ ስለሚተከል ነው፤ እነዚህም ሁሉ ከሁለቱ ቫይረሶች ለአንዱ ወይም ለሌላው ማደሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞም በ2020ና በ2021 በመተከል በነበረው ጠብ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ጐተራው የጠፋበት ገበሬ በቻግኒ መንገድ ከሩቅ የመጣውን ዘር ለመቀበል ይገደዳል፤ የዘሩን ጤንነት ለመመርመር ግን እርሱ ምን አቅም አለው? ይህ የሹሙ ፈንታ ነው።

ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የናይትሮጅን ማነስ ሲሆን ብጫነቱ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ጫፍ ተነሥቶ በመካከለኛው ጅማት በኩል ይገባል። ገዳዩ በሽታ ሲሆን ግን በላይኛው ለጋ ቅጠል ዝንጕርጕር ብጫነት ይታያል፤ ቅጠሉ ከዳር ወደ መካከል ይደርቃል፤ የተክሉ ልብ ይሞታል፤ የእሸቱ ልባስ ያለ ጊዜው ይነጣል፤ ቢገልጡትም ፍሬው ጥቂት ወይም ባዶ ቆረቆንዳ ነው። ይህን ሳይለዩ «ማዳበሪያ ጨምር» ብሎ ማዘዝ የድኻውን ገንዘብ በከንቱ ማስጣል ነው።

ስለዚህ የሚደረገው ይህ ነው።

አንደኛ፥ ምንጩ ያልታወቀ ዘር ወይም ከታመመ ማሳ የተለቀመ ዘር አይታደል።

ሁለተኛ፥ በቆሎ ከተነሣ በኋላ በአካባቢው ሁሉ ቢያንስ ሁለት ወር በቆሎ የሌለበት ጊዜ ይኑር፤ በመስኖም ቢሆን። በሚቀጥለው ወራት ለውዝ፥ አኩሪ አተር፥ ቦሎቄ ወይም ሰሊጥ ይዘራ። ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያደርገው አይጠቅመውም፤ ጐረቤቱ ካልተባበረ ተባዩ ድንበር አያውቅምና።

ሦስተኛ፥ የታመመው ተክል ገና ጥቂት ሳለ ይነቀል፤ የሻገተ እሸት ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

አራተኛ፥ የተጠረጠረ ተክል ሲገኝ ሳይዘገይ ለግብርና ጽሕፈት ቤትና በቅርብ ላለው ለፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከል ይነገር።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውሳለን። ማሳው እንዲነቀል የታዘዘ ገበሬ በምትኩ የሚዘራው ዘር ካልተሰጠው፥ በሚመጣው ዓመት ሕመሙን ይሰውራል፤ የተሰወረም ሕመም አገር ያዳርሳል። ስለዚህ ትእዛዙና ምትኩ ዘር በአንድ ቀን ይድረሱ። ጠላቶቹ ሁለት ሆነው ከመጡ፥ ሹሙና ገበሬውም ሁለት ሆነው ይቁሙ።