ስለ ጁዲት ስኮትና ስለ እጇ ሥራ

አንድ ሕፃን አእምሮው ከእኩዮቹ ዘግይቶ የታየ እንደ ሆነ፣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን ጐደለው ብሎ ነው፤ ምን ሊሠራ ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጐደለው የተባለውም ነገር አንድ ጊዜ በመዝገብ ከተጻፈ በኋላ፣ መዝገቡን እንደ ገና ገልጦ የሚመረምር አይገኝም። ይህ ልማድ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚበላ በአሜሪካ አገር በጁዲት ስኮት ላይ የደረሰው ታሪክ ያስረዳል።

ጁዲት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ከእኅቷ ከጆይስ ጋር መንታ ሆና ተወለደች። ጆይስ እንደ ማናቸውም ሕፃን ነበረች፤ ጁዲት ግን ዳውን ሲንድሮም ነበረባት። ይህ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሰውነት ረቂቅ ክፍሎች ውስጥ ያለው የክሮሞዞም ቍጥር 46 መሆኑ ቀርቶ አንድ ተጨምሮበት 47 ሲሆን ነው እንጂ፣ ከወላጆች ኀጢአት ወይም ከርግማን አይደለም። ሁለቱ ሕፃናት በአንድ አልጋ እየተኙ እስከ ሰባት ዓመታቸው አብረው አደጉ።

ለትምህርት ትበቃ እንደ ሆነ ለማወቅ ጁዲት በቃል ተፈተነች። ለተጠየቀችውም መልስ ስላልሰጠች ልትማር አትችልም ተብሎ ተወሰነባት። ፈታኞቹ ሳይመረምሩ ያለፉት አንድ ነገር ነበር። ልጅቱ ገና በአራስነቷ ወራት ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ትኵሳት ይዟት መስማት ተስኗት ነበር፤ ይህም የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ ላልሰማችው ጥያቄ አልመለሰችም ተብላ ተፈረደባት ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. በሐኪሞች ምክር በኮሎምበስ ከተማ ወዳለው የመንግሥት ማሳደሪያ ተላከች፤ ጆይስም በማለዳ ስትነቃ እኅቷን ከጐኗ አጣቻት።

በእንዲህ ያለ ማሳደሪያ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ኖረች። በልጅነቷ ሌሎቹ ልጆች በቀለም ሲሥሉ አይታ እርሷም ለመሣል ብትሞክር፣ ለዚህ አትበቃም ተብሎ ቀለሙ ከእጇ እንደ ተወሰደ ይነገራል። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ጆይስ እኅቷን ለማውጣት ከሹማምንቱ ጋር ብዙ ተከራክራ፣ በሕግ ሞግዚቷ ሆና በ1986 ዓ.ም. ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደቻት።

በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ ክሪየቲቭ ግሮውዝ የሚባል የሥነ ጥበብ ቤት አለ። ይህን ቤት በ1974 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ልቡና ሊቅ የሆኑት ኤልያስ ካትዝና ሠዓሊዋ ባለቤታቸው ፍሎረንስ ናቸው። ዘመኑ የአእምሮ ድኩማን ከየማሳደሪያው እየወጡ ወደ ሕዝብ መካከል የሚመለሱበት ነበረና፣ ባልና ሚስቱ ሥራውን በገዛ ቤታቸው ጀመሩት። የቤቱም ሥርዐት ከትምህርት ቤት ሥርዐት የተለየ ነው። በውስጡ የሚያገለግሉት ራሳቸው ሠዓሊዎችና የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች ናቸው፤ ከሰዎቹ ጋር አብረው እየዋሉ ቀለሙን፣ ሸክላውን፣ ክሩን ያቀርባሉ እንጂ ይህን ሣል፣ ያን አቅና አይሉም። ከሥራው ቦታ ጋር የተያያዘ የትርኢት አዳራሽ ስላለ፣ ሕዝብ ገብቶ ያያል፣ ይገዛል፤ ሥራው ሲሸጥም ሠሪው ድርሻውን ይቀበላል። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ከላይ ወደ ታች ያያል፤ ዋጋ የሚጠይቅ ገዢ ግን ከሠሪው ጋር ትክክል ለመቆም ይገደዳል።

ጁዲት በ1987 ዓ.ም. ወደዚህ ቤት ገባች። ሁለት ዓመት ያህል በሥዕሉም በሸክላውም ልቧ አልተሳበም፤ ብዙ ቦታ ቢሆን ኖሮ አሁንም አትበቃም ተብላ በተመለሰች ነበር። በዚህ ግን ተዋት። አንድ ቀን ሲልቪያ ሰቨንቲ የምትባል የክር ጥበብ ዐዋቂ ስታስተምር ጁዲት ገብታ ተቀመጠች፤ ትምህርቱንም ትታ በራሷ መንገድ ክርና እንጨት አንሥታ መጠቅለል ጀመረች። ከዚያ በኋላ አላቆመችም።

ከአካባቢዋ ያገኘችውን ዕቃ፣ አንዳንዴም ባለቤቱን ሳትጠይቅ፣ ታነሣለች፤ ወንበር፣ የብስክሌት መንኰራኵር፣ የገበያ ጋሪ ሳይቀር። ያን በክር፣ በገመድና በተቀደደ ጨርቅ ሳምንታት፣ ወራትም ቢፈጅ እየደራረበች ትጠቀልለዋለች። ዕቃው ከውስጥ ይሰወርና ሌላ አካል ይወጣል፤ አንዳንዱ ሥራ መንታ መስሎ ሁለት ሆኖ የተጣመረ ነው። ሲያልቅ ገፋ አድርጋ እጇን ታራግፋለች። ሊዮን ቦረንስታይን የሚባለው ፎቶግራፍ አንሺ ጁዲት የራሷን ሥራ እንደ ሰው አቅፋ ፊቷን አስጠግታበት ሳለ ያነሣው ሥዕል በብዙ አገር የታወቀ ነው።

በ2005 ዓ.ም. በ61 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ሁለት መቶ ያህል ሥራ ሠርታለች። በኒው ዮርክና በስዊስ አገር በሎዛን ያሉ ቤተ መዘክሮች ሥራዎቿን ይዘዋል፤ የብሩክሊን ቤተ መዘክርም በ2014 ዓ.ም. ለእርሷ ብቻ ትርኢት አሳይቷል።

በኢትዮጵያም እንግዳ ሲመጣ ሕፃኑ በጓዳ የሚሸሸግበት ቤት ብዙ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ከየትምህርት ቤቱ ሲመለስባቸው አይተው፣ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጆይ ማእከልን ከፍተው በ2021 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል። በሽታና ሁኔታ ቢለያይም፣ የተዘጋው በር አንድ ነው።

ስለ ጁዲት ግን አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶች፣ የምትሠራውን ሳታውቅ በእጅ ልማድ ብቻ የጠቀለለችውን ሥነ ጥበብ ማለት አይገባም ይላሉ። ጁዲት በቃልም በምልክትም ስላልተናገረች በአንደበቷ ልትመልስላቸው አልቻለችም፤ ሥራዋን በአደባባይ ለማሳየትም ፈቃዷን በቃል የጠየቃት የለም፤ ይህ በእውነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ስለ ዕውቀቷ ግን ሊጠራጠር የወደደ ሰው፣ ከሥራዎቿ መካከል ነጭ ሆኖ ከሌሎቹ የተለየውን አንዱን ይመልከት። ክር ባጣችበት ጊዜ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ክፍል የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ሰብስባ፣ እየጠመዘዘች፣ አንዱን ከአንዱ እየቋጠረች ሠርታ ጨርሳዋለች።