ከሁለት ኮሌጅ አንዱን መምረጥ

በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ በቀንዱ ማማር ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። ጥርሱን ያያል። ጫንቃውን ይዳስሳል። ልጅን ወደ ኮሌጅ መላክ ደግሞ በሬ ከመግዛት ይበልጣል። በሬው ባይሆን ተመልሶ ይሸጣል። የልጅ አራትና አምስት ዓመት ግን አይመለስም። ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

ምሳሌ እንውሰድ። በቆቃ የምትኖር አንዲት የ18 ዓመት ልጅ አለች እንበል። 12ኛ ክፍልን ጨርሳ የማለፊያ ውጤት አግኝታለች። ቤተሰቧ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ከወላጆቿ ጋር ሁለት ቦታ ሄዳ አየች። አንዱ አዳማ ነው። ሁለተኛው ሐዋሳ ነው።

የአዳማው ድሮ ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ይባል ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ዋና ትምህርቱ ምህንድስናና ሳይንስ ነው። የሐዋሳው ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ከሌሎች ሁለት ኮሌጆች ጋር ተዋህዶ የተቋቋመ ነው። ብዙ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። የእርሻ ትምህርት ግን በዚያ ሥር የሰደደ ነው።

እናት አዳማን ወደደች። ቅርብ ነዋ! ልጅ ብትታመም በዚያው ቀን ይደረሳል። ሐዋሳ ግን መቂን፣ ባቱንና ሻሸመኔን አልፎ ነው። አባት ሐዋሳን ወደደ። ሽንኩርቱን በሽታ ሲያጠቃው መላ የሚነግረው የእርሻ ባለሙያ ከቤቱ እንዲወጣ ይፈልጋል። ልጅቷስ? እሷን ማንም አልጠየቃትም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የምትማረው እሷ ናት። ልቧ ያልወደደውን ትምህርት በግድ የያዘች ልጅ መንገድ ላይ ልትቀር ትችላለች።

ከሁለቱ ሙያ አንዱ የበላይ፣ አንዱ የበታች አይደለም። የቆቃን ግድብ እንይ። በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ መብራት ማመንጨት ጀመረ። ነገር ግን አዋሽ በየክረምቱ ደለል እየጫነ ሐይቁ ውስጥ ያራግፋል። ደለል ሲበዛ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ይጠባል። ይህን ለማዳን ውሃውን የሚለካ መሐንዲስ ያስፈልጋል። አፈሩ ከላይ ከማሳው እንዳይታጠብ የሚያደርግ የእርሻና የደን ባለሙያም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ግቢ ልታዩ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ምን ትማራለች? የበሩና የአበባው ማማር አያስተምርም። ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይ? ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው?

ሁለተኛ፣ እንዴት ትኖራለች? ውሃው፣ መኝታው፣ ክሊኒኩ እንዴት ነው? ማታ ከጥናት ስትመለስ መንገዱ መብራት አለው ወይ? ይህን እንግዳ ከሚቀበለው ሰው ይልቅ እዚያ የሚኖሩ ሴት ተማሪዎች ያውቁታል። እነሱን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ምን ያህል ያስወጣል? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት የሚባል ውል መጥቷል። ተማሪው ፈርሞ ይማራል። ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ደንብ ይለወጣልና የዓመቱን ጠይቁ። ውሉንም ሳታነቡ አታስፈርሙ። ማንበብ ችላችኋል እኮ! የመጓጓዣ፣ የደብተርና የሳሙና ግን ከቤት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደ ገበያ የወደዱትን አንስቶ መሄጃ አይደለም። ተማሪዋ ምርጫዋን በቅደም ተከተል ትሞላለች። ትምህርት ሚኒስቴር ውጤቷንና ያለውን ቦታ አይቶ ይመድባል። የአዳማው ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ሲሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ ሁለተኛውንም ምርጫ ተጠንቅቃ ትሙላ። ዕጣው እሱ ሊሆን ይችላል።

ገባች ማለትም መሐንዲስ ሆነች ማለት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሆኗል። የትምህርት ክፍል የሚደለደለው ከዚያ በኋላ፣ በውጤትና በፍላጎት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የቀለደበት የሚፈልገውን ክፍል ሌላ ይወስድበታል።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት አንድ ማታ አባት፣ እናትና ልጅ ይቀመጡ። ልጅቷ አስቀድማ ትናገር። እናት ስጋቷን፣ አባትም ሐሳቡን ይጨምሩ። የመጨረሻዋን ቃል ግን ለተማሪዋ ተዉላት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሬ መግዛትና ኮሌጅ መምረጥ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. ግቢ ስትጎበኙ ማንን ትጠይቃላችሁ? ለምን?
3. የቆቃን ሐይቅ ከደለል ለማዳን የትኞቹ ሙያዎች ያስፈልጋሉ?