በእጅ ይበራል? በእግርስ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳ በኩል ሞያሌ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ዲላን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ኬንያ ድንበር የሚወርደው ተሳቢ፣ ተሳፋሪ የሚለቅመው ባጃጅ፣ ከወናጎ ሰው አሳፍሮ የመጣው ሞተር፣ መንገድ የሚያቋርጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉም በዚያው አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። ከእነዚህ መካከል ሞተር ሳይክል ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ዘው ላለ ፍየል ፍሬን ይይዛል። ሊቆም መሆኑን ከኋላው ለሚመጣው የሚናገርለት ደግሞ 21 ዋት የሆነ አንድ ቀይ መብራት ነው።

ይህ መብራት ከሌላው የሞተሩ ዕቃ በአንድ ነገር ይለያል፤ ቢበላሽ ባለቤቱን አያስቸግርም። የፍሪሲዮን ገመድ ቢበጠስ ጉዞ ይቆማል። ካንዴላ ቢቆሽሽ ሞተሩ አልነሳም ይላል። የፍሬን መብራት ግን ከጠፋ ወር ቢሞላውም ሞተሩ ይሄዳል፣ ፍሬኑም ይይዛል፣ ገንዘብም ይገባል። ጉዳቱ የሚታየው ከኋላ ላለው ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ቀዩን ብርሃን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን በመላክና ሞተሩ እየቀረበው መምጣቱን በዓይኑ ገምቶ በመንቃት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድ ቢሆን እንኳ በዚያች ሰከንድ የሚያልቀው 17 ሜትር ነው።

ብልሽቱ ሲታወቅ አብዛኛው ባለሞተር የሚያደርገው አንድ ነው። ጋራዥ ደርሶ «ወንድሜ፣ አምፖሉን ቀይርልኝ» ይላል። አምፖሉ ይቀየራል፣ አይበራም። ሌላ ይገዛል፣ አሁንም አይበራም። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «በእጅ ስትይዘው ይበራል? በእግርስ?» ይህ ጥያቄ ምንም ዋጋ አያስከፍልም፣ መሣሪያም አይፈልግም፤ ግን የችግሩን ግማሽ እዚያው ይፈታል።

ለምን እንደሚፈታ ለማየት የኤሌክትሪኩን መንገድ መከተል ነው። ኃይሉ ከባትሪው ይነሳል፣ በፊውዝ ያልፋል፣ ቁልፉ ሲከፈት ወደ ሁለት ስዊቾች ይደርሳል። አንዱ በቀኝ እጅ የፍሬን እጀታ ሥር ተደብቋል። ሌላው በቀኝ እግር ፔዳል አጠገብ ከሻሲው ላይ ታስሮ በትንሽ ሞላ ከፔዳሉ ጋር ተያይዟል። ሁለቱም የአንድ ግቢ ሁለት በሮች ናቸው፤ በየትኛውም ቢገባ የሚደረሰው እዚያው ነው። ከሁለቱ ስዊቾች የሚወጣው ሽቦ አንድ ሆኖ በመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አምፖሉን ያበራል፣ ከአምፖሉ በሻሲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። መካኒኮች ይህን የመመለሻ መንገድ ማሳ ይሉታል።

እንግዲህ በእጅ ሲያዝ የሚበራ፣ በእግር ሲረገጥ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ጤነኛ ነው። ፊውዙም፣ ባትሪውም፣ ማሳውም ጤነኛ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ጥፋቱ ያለው በእግር ስዊቹ ወይም ወደ እሱ በሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ላይ ብቻ ነው። በእግር በርቶ በእጅ ካልበራ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ያኔ ከእጀታው ሥር ያለችውን ስዊችና መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር አብሮ የሚታጠፈውን ሽቦ ማየት ይገባል። በሁለቱም ካልበራ ግን ሁለቱ ስዊቾች በአንድ ቀን ሞቱ ማለት ዘበት ስለሆነ ዓይን ወደ ሁለቱ የጋራ መንገድ መዞር አለበት፦ ፊውዝ፣ አምፖል፣ ማሳ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ። አንዳንድ አነስተኛ ሞተር የእጅ ስዊች ከነጭራሹ የለውም፤ እዚያ ላይ ይህ ጥያቄ አይሠራም፣ ምርመራውም በቀጥታ ከእግር ስዊቹ ይጀምራል።

ዲላ ባለችበት በጌዴኦ ብዙ መከራ የሚያየው ይኸው የእግር ስዊች ነው። ከቡሌ ደጋ ወደ ዲላ የሚወርድ ሞተር ከ2,500 ሜትር በላይ ካለ ብርድና ጉም ተነስቶ 1,570 ሜትር አካባቢ ወዳለ ሞቃት ከተማ ይገባል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አፈሩ ቀይና ተጣባቂ ነው፣ ስዊቹ ያለው ደግሞ ጎማው ጭቃ በሚረጭበት ከፍታ ላይ ነው። ጭቃው ሞላዋ ላይ ይደርቃል፣ ውስጥ ያለችው መግፊያ በዝገት ትያዛለች። ይህም ሁለት ዓይነት በሽታ ያመጣል። አንደኛው የማይበራ መብራት ነው። ሁለተኛው ከበራ በኋላ የማይጠፋ መብራት ነው፤ እኔ እንደማስበው ይህኛው የባሰ ነው። ሁልጊዜ የሚበራ የፍሬን መብራት ባትሪ ይጨርሳል፣ አምፖሉን ያሞቃል፣ ከሁሉ በላይ ግን ከኋላ ያለውን ሾፌር ያታልላል። አንድ ጊዜ ያላመነውን መብራት ሾፌሩ በእውነት ሲበራም አያምነውም።

ስዊቹን ለመፈተን ሁለቱን ሽቦዎች ከስዊቹ ነቅሎ ቁልፉን ከፍቶ እርስ በርስ ማገናኘት ይበቃል። መብራቱ ከበራ የሞተው ስዊቹ ነው። ይህ ስዊቹ ራሱ የሚሠራውን ሥራ በእጅ መሥራት ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ የሽቦው ጫፍ ሻሲውን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ፣ ከነካ ፊውዙ ይሄዳል። ስዊቹ ደህና ሆኖ የሚዘገይ ወይም ቶሎ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ማስተካከያው በራሱ ላይ ያለችው ዳዶ ናት። አካሉን በእጅ ይዞ ዳዶዋን ማዞር ነው፤ አካሉ ከፍ ካለ መብራቱ ቀድሞ ይበራል፣ ዝቅ ካለ ይዘገያል። አካሉን ራሱን ማዞር ግን ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ይበጥሳል፤ ጀማሪ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ልኩ ፔዳሉ ልል ልሉን ጨርሶ ሸራው ሊይዝ ሲል መብራቱ እንዲበራ ነው። የኋላ ፍሬን በተወጠረ ወይም ሸራ በተቀየረ ቁጥር ይህን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አምፖሉ። በአብዛኛው አነስተኛ ሞተር የኋላ አምፖል ውስጥ ያሉት ሁለት ክሮች ናቸው። አንዱ 5 ዋት ሲሆን ማታ የሚበራው የኋላ መብራት ነው፤ ሌላው 21 ዋት የፍሬኑ ነው። ስለዚህ «የኋላ መብራቱ ይበራል፣ ስለዚህ አምፖሉ አልተቃጠለም» የሚለው ክርክር ውኃ አይቋጥርም። አንዱ ክር ተበጥሶ ሌላው ሊኖር ይችላል። አምፖሉን አውጥቶ ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው፤ የተበጠሰ ክር በዓይን ይታያል፣ የተቃጠለው ብዙ ጊዜ መስታወቱን ከውስጥ ያጠቁረዋል። በጠጠር መንገድ የሚውል ሞተር ላይ ክሩን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን መንቀጥቀጡ ነው። በአምፖሉ ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ጉጦች እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ዝቅ ይላል፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በኃይል ተገፍቶ በተገላቢጦሽ ከገባ 21 ዋቱ ማታ ሙሉውን ይበራል፣ ፍሬን ሲያዝ የሚጨመረው 5 ዋት ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ፍሬን መያዙን ማንም አያውቅም።

አምፖል በየጊዜው የሚቃጠል ከሆነ ጥፋቱን አምፖል ሻጩ ላይ አትጫኑ። ሞተሩን አስነስቶ የባትሪውን ቮልት በቴስተር መለካት ነው። ጤነኛ ሞተር ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ከልክ በላይ ይልካል፣ አምፖሉም ባትሪውም አይበረክቱለትም።

ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ግን ማሳ ነው። ማሳ ሲላላ መብራቱ ጨርሶ ከመጥፋት ይልቅ ይቀልዳል። ፍሬን ሲያዝ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ይርገበገባል፣ ጉድጓድ ላይ በርቶ አስፋልት ላይ ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው አምፖልና ስዊች መግዛቱን ትቶ የኋላ መብራቱ ማሳ የታሰረበትን ቡሎን ይፈልግ። ዝገት ወይም ቀለም መካከል ገብቶ ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ማሸት፣ መልሶ ማጥበቅ፣ አልቋል። የአምፖሉ መያዣ ውስጥ ያሉት የመዳብ ጫፎችም አረንጓዴ ዝገት ከያዛቸው በዚያው ወረቀት ይታሻሉ። ጥርጣሬ ካለ አንድ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ አምፖሉ መያዣ ብረት ማስነካት ነው፤ ያኔ ከበራ ጥፋተኛው ያለ ምንም ክርክር ማሳው ነው።

ለጭነት የሚውል ሞተር ሌላ ጣጣ አለው። ኋላው ላይ ብረት ይበየድለታል፣ ብየዳው ሲካሄድ ባትሪው አይፈታም፣ በፓራፋንጎው ሥር የሚያልፈው ሽቦ ሙቀቱ ይደርሰዋል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሽቦ ከሽቦ ወይም ሽቦ ከብረት ሲገናኝ ፊውዝ ይበላል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ፊውዙ በተደጋጋሚ ሲሄድ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ይከትበታል፣ ወይም በመዳብ ሽቦ ይተካዋል። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። እሱ ከሌለ ቀጥሎ የሚቃጠለው በቤንዚን ታንከር ሥር የሚያልፈው ሽቦ ይሆናል። በፊውዙ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ መተካት፣ እንደገና ከሄደ ደግሞ ሽቦው የተነካካበትን ቦታ መፈለግ እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

አንድ ተጨማሪ ማታለያ አለ። በአንዳንድ ሞተር ላይ የፊት መብራትና የኋላው ትንሽ መብራት ኃይላቸውን የሚያገኙት ሞተሩ ሲሽከረከር ከሚያመነጨው እንጂ ከባትሪው አይደለም። የፍሬን መብራት ግን የባትሪ ነው። ስለዚህ «ሌላው መብራት ሁሉ ይሠራል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ከመብራቶቹ ይልቅ ክላክሱ ይሻላል፤ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ክላክሱ ከደከመና ፍሬቻው ከዘገየ ችግሩ የፍሬን መብራት ሳይሆን የባትሪ ነው።

ደግሞ ምንም ያልተበላሸ መብራትም የማይበራበት ጊዜ አለ። ከዲላ እስከ ይርጋጨፌና ከዚያም ወደ ኮቸሬ የሚሄደው ወጣ ገባ ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ሸራ አያልቅም፣ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ማርሽ የቀነሰ ሞተር ፍጥነቱን ሲቀንስ ስዊቹ አልተነካም፣ መብራቱም አይበራም። ሸራው ሳይነካ መብራቱን ለማብራት ብቻ ፔዳሉን በቀስታ መነካካት ከኋላ ላለው ተሳቢ ትልቅ መልእክት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልፍ ዘግቶ ቁልቁለት የሚወርደውስ? ኃይሉ የሚያልፈው በቁልፉ በኩል ስለሆነ ቁልፍ የተዘጋበት ሞተር ፍሬን መብራት የለውም። የሚተርፈው ነዳጅ ጥቂት ነው፣ አደጋው ግን ሙሉ ነው።

በቡና ወቅት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቀይ እሸት ቡና በጆንያ ሆኖ ወደ መፈልፈያ ሲጓጓዝ ጆንያው ከመቀመጫው ተንጠልጥሎ መብራቱን ይሸፍነዋል። አምፖሉ በርቷል፣ ማንም አላየውም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቡናውና እንሰቱ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው በሚበቅሉበት እርሻው ጭምር ነው፤ ያው ጥላ መንገዱን በቀን እንኳ ያጨልመዋል። ቡሌ ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ከፊት ያለውን ሞተር ከቀይ መብራቱ በቀር የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጆንያውን ከፍ አድርጎ ማሰር የጥገናው አካል ነው፤ በቀዩ ሽፋን ላይ የደረቀውን ቀይ ጭቃ መጥረግም እንዲሁ። ሽፋኑ ከተሰበረ በናስትሮ መለጠፍ ለአንድ ቀን እንጂ ለአንድ ክረምት አይሆንም፤ ውኃ ገብቶ የአምፖሉን መያዣ ያበላሸዋል።

ያሁኑ ዘመን ሞተሮች ኤልኢዲ መብራት እያመጡ ነው። ክሩ የለም፣ መንቀጥቀጥ አይፈራም፣ የሚበራውም ከክር አምፖል በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ግን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በሙሉ ቦርዱ ይቀየራል፣ ያ ደግሞ ዋጋው ከአምፖል ጋር አይነጻጸርም። ስዊቹ፣ ማሳውና ፊውዙ ግን ያው ናቸው፤ ከላይ ያለው ጥያቄም ያው ነው።

የፍሬን መብራታችሁ መሥራቱን ለማወቅ ሰው አይጠበቅም። ዛሬ ማታ ሞተራችሁን ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ መጀመሪያ በእጅ ብቻ፣ ቀጥሎ በእግር ብቻ ፍሬን ያዙ፣ ዞር ብላችሁም ግድግዳውን ተመልከቱ። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ ቀይ ብርሃን ካጣችሁ ነገ ጠዋት ሰው ከማሳፈራችሁ በፊት አሠሩት።