ታቦርን መውጣት፣ ከታቦር መውጣት

በአማርኛ ከቦታ ወደ ቦታ መንቀሳቀስን ከሚገልጹት ግሶች መካከል «ወጣ» ከታች ወደ ላይ መሄድንም ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድንም በአንድነት የሚናገር በመሆኑ ልዩ ትኩረት የሚገባው ግስ ሲሆን፣ ሁለቱ ትርጉሞች እንዴት ሳይምታቱ አብረው እንደሚኖሩ ለማየት ሐዋሳ ከተማ የሚገኘው ታቦር በጣም ይመቻል። ታቦር በአንድ በኩል ሐይቁንና ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳይ ኮረብታ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች የአንዱ መጠሪያ ነው።

«ልጁ ታቦርን ወጣ» ሲባል ሰሚው ኮረብታውንና ዳገቱን ያስባል፤ «ልጁ ከታቦር ወጣ» ሲባል ግን ሰፈሩን ለቆ የሄደ ሰው ይታየዋል። ግሱ አልተለወጠም፤ ትርጉሙን የለየው በስሙ ላይ የተጨመረው ምእላድ ነው፤ «ን» የድርጊቱን ተቀባይ ስታመለክት «ከ» መነሻን ታመለክታለች። «ወደ ታቦር ወጣ» የሚለው አነጋገር ግን በራሱ አይለይም፤ ሰሚው ተናጋሪው የት ቆሞ እንደሚናገር ማወቅ አለበት። የተቃራኒው ግስ የ«ወረደ» ጠባይም ከዚህ አይተናነስም፤ «ከታቦር ወረደ» የተባለው ሰው ቁልቁለቱን የጨረሰ ሲሆን፣ በባጃጅ ተሳፍሮ «ወራጅ አለ» ብሎ ያስቆመው መንገደኛ ግን አንድም ቁልቁለት ሳይረግጥ «ታቦር ወረደ» ይባላል።

በግእዝ እነዚህ ሁለት ጉዞዎች የተለያዩ ግሶች ነበሯቸው፤ ወደ ውጭ መሄድ «ወፅአ»፣ ወደ ላይ መሄድ «ዐርገ» ይባል ነበር። እስራኤላውያን ከግብፅ የወጡበትን ታሪክ የያዘው መጽሐፍ «ዘፀአት» መባሉ ከመጀመሪያው፣ ከትንሣኤ በኋላ በ40ኛው ቀን የሚከበረው በዓል «ዕርገት» መባሉ ደግሞ ከሁለተኛው ነው። አማርኛ «ፀሐይ»ን በገጠር አነጋገር «ጣይ» እንዳደረገ ሁሉ «ወፅአ»ንም «ወጣ» አድርጎ ወርሶ ዳገቱንም ጨመረለት፤ «ዐረገ»ን ግን ለቅዱስ ነገር ብቻ አስቀረው። እንዲህ ያለው መዋሐድ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በግብፅና በሶርያ የሚነገረው ዐረብኛም «ጠለዐ» በሚለው ግስ ሁለቱንም አቅጣጫ ይናገራል። ምክንያቱ ሁለቱም ጉዞዎች ከተሸሸገበት ወደሚታይበት ማምጣታቸው ይመስላል፤ «ፀሐይ ወጣች»፣ «አዋጅ ወጣ»፣ «ዕጣ ወጣ»፣ «ስም ወጣለት» የሚሉት ሁሉ ያልታየው መታየቱን፣ ያልታወቀው መታወቁን ይናገራሉና።

አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ሊዮናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ቋንቋዎችን የእንቅስቃሴን አቅጣጫ በምን እንደሚገልጹ መርምሮ ለይቷል፤ አንዳንዶቹ አቅጣጫውን በግሱ ውስጥ ሲያኖሩ ሌሎቹ ከግሱ ውጭ ባለ ደጋፊ ቃል ይገልጹታል። ሴማዊ ቋንቋዎች ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ አማርኛም «ታቦርን እየሮጠ ወጣ» ሲል አቅጣጫውን ለዋናው ግስ ሰጥቶ ሩጫውን፣ ማለትም የአካሄዱን ሁኔታ፣ በንኡስ ግስ ይገልጻል። «ታቦርን ሮጠ» ቢባል ዳገቱን የሚናገር ቃል ስለሚጠፋ ዐረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል።

ሁለቱ ትርጉሞች ጨርሶ የማይለያዩበት ስፍራ የሚገኘው ከኮረብታው በታች ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ወጥቶ በገጸ ምድር የሚፈስ ወንዝ ግን የለም፤ ስለዚህ የሐይቁ ውሃ በብዛት የሚወጣው ተንኖ ሲሆን፣ ይህ «መውጣት» ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ውጭ ተብሎ ቢጠየቅ ሁለቱም ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይገኝለትም።

በሐዋሳ አፋቸውን በሲዳምኛ ፈትተው አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች «ወጣ»ን ከአንድ ፍቺ ጋር በቃላት ዝርዝር ውስጥ ማስቀመጥ ግማሹን ቋንቋ መንፈግ ስለሆነ፣ መምህራንም ሆኑ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ግሱን «ን»ን፣ «ከ»ን፣ «ወደ»ንና «ላይ»ን አስከትለው፣ ልጆቹ በየቀኑ በሚያዩት ኮረብታና በሚኖሩበት ሰፈር እየመሰሉ ቢያስተምሩት ይገባል።